የጡረተኛው ጠበቃ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እንደምን ከረምክ? ያ ደረጃ ስትወጣ ቋ ቋ የሚለው ጉልበትህስ ተሻለው? እንቅልፍስ ታገኛለህ ወይስ የሆስፒታሉ ወንበር ላይ ተቀምጠህ አንገትህን ሰብረህ ታድራለህ? እማዬስ እህል ትቀምሳለች ወይስ አሁንም «በልቻለሁ» እያለች ታታልላችኋለች? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ስለ አባባ አልጠየቅኩህም። ረስቼ አይደለም፤ የዚህ ደብዳቤ ጠቅላላ ጉዳይ እሳቸው ስለሆኑ በሰላምታ መካከል ሹልክ አድርጌ ላሳልፋቸው አልፈለግኩም። እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» በደብዳቤ ውስጥ እንደ ቴምብር ነው፤ ካልተለጠፈ ደብዳቤው አይሄድም፣ ተለጥፎም ማንም አያነበውም።

ባለፈው ስትደውል የነገርከኝን መጀመሪያ ልድገመው፤ አጣምሜ ሰምቼ እንደሆነ ታርመኛለህ። ሐኪሙ አንተንና እማዬን ቢሮው አስገብቶ አስቀመጣችሁ። አባባ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተጎዳው ነገር እንደማይመለስ፣ ደረታቸውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ማሽኑ እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ፣ ሌላም ሐኪም መርምሮ ይህንኑ እንዳለ ነገራችሁ። ማሽኑ ይነሳ ወይስ ይቆይ የሚለውን ግን ቤተሰቡ ተማክሮ እንዲነግረው ጠየቀ። አንተ ዞረህ እማዬን አየሃት። እማዬ ግን አፏ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወዲያው መለሰች። «ልጄ ትጠየቅ፤ ሥራዋ እሱ ነው። እዚያ ሰማይ ጥግ ያለውን፣ የሞተውን ካልሞተው የምትለይ ልጅ የገዛ አባቷን አታጣውም» አለች። ሐኪሙም ልጅቷ የምን ሐኪም ናት ብሎ ጠየቀ፤ አንተም የከዋክብት አልከው። ሰውየው ሳይስቅ ራሱን ነቀነቀ ስትለኝ ሳላውቀው ወደድኩት።

በስልክ ጠይቀኸኝ በስልክ ያልመለስኩልህ ቃል አጥቼ አይደለም። ስናወራ እማዬ ከጎንህ ሆና ትንፋሼን ታዳምጣለች፤ እኔም የእሷን ትንፋሽ ስሰማ አንደበቴ ደስ ወደሚላት ይታጠፋል። ወረቀት አይተነፍስም። ይህን የሚያመጣልህ ከሥራ ቦታችን አንድ ዝምተኛ የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ወደዚያ ስለሚበር እጁ ላይ ሰጠሁት። መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው። ለእማዬ የሚነበበውንና የማይነበበውን አንተ ታውቃለህ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የቤቱ ሳንሱር አንተ ነህ።

እማዬ የጣለችብኝ ነገር ሥራዬን ተገን አድርጎ የመጣ ስለሆነ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ በደንብ ልንገርህ። ይህን ሁሉ ዓመት «ሰማይ ታጠናለች» ስትሉ ዝም ያልኩት ማስረዳት ሰንፌ ነው። ሰማይ አላጠናም፤ እንዲያውም አላየውም። የቢሮዬ መስኮት የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳና አንድ የዝናብ ቱቦ ነው። ቱቦው ላይ የምትቀመጥ እርግብ አለች፤ ከሚበሩት ሁሉ በቅርብ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የማየው ቁጥርና ብዥ ያለ ነጥብ ነው። አባባ አንድ ጊዜ፣ ገና አውቶቡስ ሲነዱ፣ አስረድቻቸው ስጨርስ «እንግዲህ ተሳፋሪ የሌለበት መስመር ይዘሻል» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ከዚህ አሳጥሮ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ጋላክሲ ማለት እልፍ አእላፍ ከዋክብት ተሰባስበው የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ ፀሐያችንም በአንደኛው ውስጥ ተራ ነዋሪ ናት። ጋላክሲ በሕይወት አለ የምንለው አዲስ ኮከብ ሲወለድበት ነው። ኮከብ ከቀዝቃዛ ጋዝ ይወለዳል፤ ጋዙ ካለቀ፣ ከተበተነ ወይም ከጋለ ልደቱ ይቆማል። ያን ጊዜ ሞተ እንላለን። ሞተ ስንል ጨለመ ማለታችን አይደለም። አባባ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍተው አውቶቡሱን በባዶ ማርሽ ሲለቁት ትዝ ይልሃል? ነዳጅ ለመቆጠብ ነበር፤ እማዬ ደግሞ በሰማች ቁጥር «አንድ ቀን ከነሰዉ ገደል ትጨምረዋለህ» ትላቸው ነበር። ተሳፋሪው ግን አያውቅም። መኪናው ይሄዳል፣ ነፋሱ በመስኮት ይገባል፣ ጫጫታው ስለሚቀንስ ሰዉ ሁሉ ሹፌሩ እጁ ለስላሳ ነው እያለ ያመሰግናል። ሞተሩ መጥፋቱን የምናውቀው እሳቸውና ከፊት የተቀመጥነው እኔና አንተ ብቻ ነበርን። የሞተ ጋላክሲ እንደዚያ ነው። አሮጌዎቹ ከዋክብት እያበሩ ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን ጠፍቷል።

እኛ የምንከታተላቸው ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። ብርሃን ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ እጅግ ሩቅ ያለውን ስናይ እጅግ ድሮ የነበረውን ነው የምናየው። ስለዚህ ዓለም በልጅነቷ ምን ትመስል እንደነበር እናያለን። በልጅነት የሚጠበቀው ልደትና ሁካታ ነው፤ አብዛኛውም እንደዚያው ነው። በዚያ ሁሉ ሁካታ መካከል ግን ግዙፍ ግዙፍ ጋላክሲዎች ሥራቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ ብለው እናገኛለን። ዓለም ጥርስ ሳታበቅል ጡረታ የወጡ። እንዴት ቶሎ እንደገዘፉ፣ እንዴትስ ቶሎ እንደቆሙ ማንም አረጋግጦ አያውቅም። አንዳንዱ መካከላቸው ያለው ጥቁር ጉድጓድ ጋዙን እፍ ብሎ በትኖት ነው ይላል፤ ሌላው ቀለብ ተቋርጦባቸው ነው ይላል። አለቃችን፣ ቀጭንና ቁጥብ ሴት ናት፣ ስትጠየቅ «ቸኩለው ነው» ብላ ታልፋለች። ስለ ሠርግም ስለ ሹመትም ስትጠየቅ መልሷ ያው ነው።

ችግሩ መለየቱ ላይ ነው። አዲስ የሚወለዱ ትልልቅ ከዋክብት ሰማያዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። ልደት ሲቆም መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ የሚተርፉት ቀያዮቹ አሮጌዎች ናቸው። ስለዚህ ቀይ ጋላክሲ ስናይ ሞቷል ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን አቧራም ብርሃንን ቀይ ያደርጋል። አቧራ የተከናነበ፣ ውስጡ ግን ልጅ በልጅ የሆነ ጋላክሲም ከሩቅ ሲታይ ቀይ ነው። በእኛ ሙያ ውስጥ በቁሙ የተቀበረው ጋላክሲ ቀላል አይደለም፤ ደግነቱ አይከሱንም።

አለቃችን በዚህ ምክንያት አንድ ሕግ አውጥታለች። ሞቷል የተባለ ጋላክሲ ሁሉ ከሳሽና ጠበቃ ይመደብለታል። ከሳሹ ሞቷል ብሎ ያስረዳል፤ ጠበቃው ቢያምንም ባያምንም አልሞተም ብሎ ይሟገታል፣ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ይለምናል፣ ድንጋዩን ሁሉ ይገለብጣል። ከሳሹ የቱንም ያህል ቢረታ ጋላክሲው ሞተ አይባልም። የሚባለው ጠበቃው ራሱ በስብሰባ ተነስቶ «የምለው የለኝም» ሲል ብቻ ነው። እሱን ተክቶ ይህን ቃል የሚናገር ሰው የለም፤ እሷም ራሷ አትችልም። አንድ ጊዜ ጠበቃው ታሞ ተኝቶ ሁላችንም ለወራት አንዱን ጋላክሲ በሞትና በሕይወት መካከል አንጠልጥለን ጠበቅነው።

ለእኔ የተሰጠኝ ጋላክሲ በመዝገብ ያለው ስሙ ረጅም ቁጥር ነው፤ እኛ ጡረተኛው እንለዋለን። ከሳሹ ቀባሪው ነበር። ቀባሪው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ሰፊ ትከሻ ያለው ሳቂታ ሰው፣ ከኋላው ለሚመጣ ሁሉ በር ይዞ የሚቆም። ከሁላችን የበለጠ በብዙ ጋላክሲ ላይ ሞት ያስፈረደ እሱ ስለሆነ ቅጽል ስሙ ወጣለት፤ እሱም አልተቀየመም፣ ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ቀባሪው ነኝ» ይላል። የማያውቁት ሰዎች ይዘጉበታል።

ጠበቃነቱን በተቀበልኩ ሰሞን ነው አንተ የደወልክልኝ። አባባ እንደ ልማዳቸው አውቶቡስ ተራ ሄደው የሰው መኪና ጎማ ለመፈተሽ እግራቸውን አንስተው፣ ጎማውን ሳይረግጡ መውደቃቸውን ነገርከኝ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልረገጡት ጎማ እንዳልነበር አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ደንበኛ ነበረኝ።

በስልክ እንዴት እንዳፋጠጥኩህ አንተ ታስታውሳለህ። እጃቸው ይሞቃል ወይ ስልህ ይሞቃል አልክ። መልካቸውስ ስልህ እንደ ድሮው ነው አልክ። «ታዲያ!» አልኩህ እንደ ረታ ሰው። አንድ ቀን ደግሞ እጃቸውን ይዘህ ስታወራቸው ጣትህን ጨበጡህ። ሐኪሙ እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ቢኖር እንኳ ከጅማት እንጂ ከሐሳብ አይመጣም አለህ። እኔ ከዚህ ሆኜ «እሱ በምን ያውቃል» አልኩህ። የጭንቅላት ሐኪም ስለ ጭንቅላት በምን ያውቃል፤ የሚያውቀውማ የከዋክብቱ ሐኪም ነው። አንተ እኔ ያልኩትን ሐኪሙ ዘንድ ይዘህ ሄድክ፤ ሐኪሙም እሺ እንጠብቅ አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ተጠበቀ።

በጡረተኛው በኩል ደግሞ አንድ መንገድ ቀርቶኝ ነበር። አቧራ ውስጡ ልደት ካለ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ዓይን በማያየው ረጅም ሞገድ ይወጣል። ይህን የሚለቅሙ ትልልቅ ሳህን የሚመስሉ መሣሪያዎች በረሃ ላይ ተደርድረዋል። ሰው ሁሉ የሚሻማባቸው ናቸው፤ ለምኜ ተፈቀደልኝ። ምስሉ ሲመጣ ጡረተኛው ባለበት ቦታ ላይ ውኃ ላይ እንደወደቀ ዘይት ያለች ጠብታ በራች። አቧራ አለ፤ ይሞቃል። መጮህ አይሆንልኝም፤ የዚያን ቀን ግን ወንበሬን ገፍቼ ስነሳ እርግቧ ደንግጣ በረረች። ወዲያው ለአንተ ደወልኩ። ለአለቃዬ እንኳ ሳልናገር።

ያን ቀን የሆነውን ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል። እማዬ የማወራው ስለ ጋላክሲ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ሆኖም ስልኩን ከእጅህ ተቀብላ «ያኛውንም ሞቷል ብለውት ነበር አይደል? የኛዎቹ ሐኪሞችም እንዲሁ ናቸው» አለችኝ። እኔ፣ ተምሬአለሁ የምለው ሰው፣ አላረምኳትም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ማታውን ደግማ ደውላ ለጎረቤት ሁሉ እንደነገረች ስትነግረኝም ደስ አለኝ።

ቀባሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ኩባያ ሻይ ይዞ ገባ፤ አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ እሱ ግን አልተቀመጠም። ሰው ሻይ አምጥቶልህ ካልተቀመጠ ነገር አለው ማለት ነው። የሳህኖቹን ምስል በሌላ ቴሌስኮፕ ከተነሳ ጥርት ያለ ምስል ጋር ደርቦ አሳየኝና «ይሄ ሙቀት ያንቺ ሰውዬ አይደለም፤ የጎረቤት ነው» አለኝ።

ከጡረተኛው ጎን፣ በቀላሉ የማይታይ፣ ጭጋግ የመሰለ ሌላ ጋላክሲ ነበር። አቧራውም ልደቱም የእሱ ነው። የሳህኖቹ ምስል ብዥ ያለ ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ አሳይቶናል። ጋሼ፣ ጠብታዋ ትንሽ ወደ ጎን ማዘንበሏን እኔም አይቼ ነበር፤ የመሣሪያው ጉድለት ነው ብዬ አለፍኳት። ለደንበኛዬ የማትጠቅም ብትሆን ኖሮ እንደዚያ አላልፋትም ነበር። ተሟገትኩ፤ ለቀባሪው ያልሆነ ቃልም ተናገርኩ። ሳህኖቹ ተራርቀው ተደርድረው ጥርት አድርገው እንዲያዩልኝ እንደገና ለመንኩ። እንደገና አዩልኝ። ጎረቤቱ ቁልጭ ብሎ በራ፤ ጡረተኛው ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ብዥ ያለ እንኳ ነገር የለበትም። ያን ሁሉ ጊዜ የጎረቤቱን እሳት እያየሁ የሱ ቤት ይጨሳል ስል ከርሜያለሁ።

ቀባሪው ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ደስ አላለውም። «ከነዚህ ሁሉ አንዱ እንኳ ሲተርፍ ባይ ብዬ ነበር» አለኝና የኔን ያልተነካ ሻይ አንስቶ ጠጣው።

ስብሰባው የሚካሄደው መጋረጃው ግማሽ ላይ ተሰንክሎ በቀረ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ግማሹ ሰው ፀሐይ ፊቱን ይመታዋል፣ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ነው። አለቃችን ተራው ሲደርስ «ጠበቃ፣ የምትይው አለሽ?» አለች። ሁሉም ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። የማሳያ መሣሪያው ማቀዝቀዣ ብቻ ይንጫጫል። የምለው የለኝም አልኩ። እሷም ጻፈች። ቀጥሎ ምሳ የት እንብላ የሚል ክርክር ተነሳ፤ እሱ ደግሞ ጠበቃም ከሳሽም የለውም፣ መጨረሻም የለውም።

ስንወጣ አለቃችንን ኮሪደር ላይ ጠየቅኳት። ሁሉም ሰው ካየውና ካወቀው በኋላ ጠበቃው ራሱ ካልተናገረ የምትይው ለምንድን ነው አልኳት። «ቸኩለው ነው» ትለኛለች ብዬ ነበር። ቆም አለችና «ከሳሽ ሲናገረው ማሸነፍ ነው። እንዳይሞት የፈለገ ሰው ሲናገረው ነው እውነት የሚሆነው» አለችኝ። ከዚያ ሊፍቱ መጣ፤ ሊፍቱ በመጣ ጊዜ ማንም ወሬ አይጨርስም፣ ሁለተኛ ስለማይመጣ።

በማግስቱ ለአባባ ሐኪም ደወልኩ። ሳላስፈቅድህ ነው፤ ይቅርታህን እለምናለሁ። ልክ ጡረተኛውን እንደተሟገትኩለት አንድ በአንድ ጠየቅኩት፣ እሱም አንድ በአንድ መለሰልኝ። ዓይናቸው ብርሃን ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን፣ ማለትም ምንም እንደማይሆን። ማሽኑን ለአፍታ አቁመው ደረታቸው ራሱ ይነሳ እንደሆነ መጠበቃቸውን፣ አለመነሳቱን። ሌላ ሐኪም በሌላ ቀን ይህንኑ መድገሙን። እሱ እንዳይሳሳት የሚያደርገው ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ መሳሳት ቢፈልግ በአባባ መሳሳት እንደሚፈልግ ነገረኝ፤ አውቶቡሳቸው ላይ ተሳፍሮ ተማሪ ቤት ይመላለስ ነበር ለካ። ስለ ጣትህ ስጠይቀው ግን፣ ልጅ እጁ ላይ የተሰማውን እኔ አልከራከርም አለኝ።

ስለዚህ ባለቤትህን ጠየቅኳት። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ አረፍ በልና ቀጥል። እሷንም አትቆጣት፤ አስጨንቄ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን ከአልጋው ማዶ ቆማ ነበር። «እሱ እኮ እጃቸውን ሲይዝ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ነው የሚጨብጠው። ማን ማንን እንደጨበጠ እሱም አያውቀው» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ያ የጎረቤት ሙቀት ነበር፣ ወንድሜ። የአንተ ነበር።

አባባ ጋላክሲ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ጡረተኛው ላይ ብንሳሳት አንድ ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ያርመናል፤ እኛም ተናደን እራት እንበላለን። አባባ ላይ እርማት የለም። ይህንንም እያወቅኩ ነው የምጽፈው። ከሞተ በኋላም ብርሃኑ ይደርሰናል የሚል ነገር ጽፌ ላጽናናህ ዳድቶኝ ነበር፤ በሙያዬ የሚያውቀኝ ሁሉ ለቅሶ ቤት ይህን እንድል ይጠብቃል። አባባ ቢሰሙኝ ግን ሞተሩ ጠፍቶ መብራት ማብራት ባትሪ መጨረስ ነው ይሉኝ ነበር። ትቼዋለሁ።

የአባባ ጠበቃ እኔ ነበርኩ። እማዬ ሾመችኝ፣ አንተ ተቀበልክ፣ እኔም ከማንም በላይ ወደድኩት። ሐኪሙ ከሳሽ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ከሳሽ ያደረግኩት። ስለዚህ ቃሉን መናገር የሚገባኝ እኔ ነኝ። ፈለግኩ፣ ለመንኩ፣ ደግሜ አየሁ። የምለው የለኝም። ማሽኑ ይነሳ።

ይህን ለእማዬ ስትነግራት «ሰማይ አይታ ነው» አትበላት። ሰማይ ምንም አልነገረኝም። ጋላክሲው ቢተርፍ ኖሮ አባባ ይተርፉ ነበር ብላ እንድታስብ፣ ወይ ጋላክሲው ስለሞተ ነው የሞቱት ብላ እኔን እንድትረግም አልፈልግም። «ፈልጋ አጣች» በላት። ትንሽ ቆይ ብትልህ ቆይላት፤ ከእኔ ይልቅ የእሷ ድርሻ ይበልጣል። ሙግት ግን ከእንግዲህ አላቀብላትም። ደግሞ ሰው ነውና፣ ኋላ ላይ ማን ወሰነ የሚል አይጠፋም። እኔ ነኝ በል። ሩቅ ያለ ሰው ምንም ባይጠቅም ለዚህ ይጠቅማል፤ ጎረቤት ሊያኮርፈኝ ቢፈልግ እንኳ መንገዱ ይረዝምበታል።

ስለ መምጣቴ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለሆነ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ያም ሆኖ ልምጣ ብዬህ ነበር፤ አንተም መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ አልከኝ። ስድብ አልነበረም፣ ጥያቄ ነበር። አትጠብቁኝ። እኔን በመጠበቅ ስም ደግሞ ሌላ ሳምንት እንዳይጨመር።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬን ሁለት ጉንጯን፣ ሳትፈልግም ቢሆን፣ ሳምልኝ፤ ፊት ለፊትህ ቁጭ ብላ ስትጎርስ ካላየህ አትመናት። ባለቤትህን እጅ ነስቻለሁ በላት፤ እውነቱን ስለነገረችኝ ዕዳዋ አለብኝ፣ እሷም እንደማይመለስ ታውቃለች። ትልቋ ልጅህ የሒሳብ ውጤቷን ደብቃለች ስትል ሰምቻለሁ፤ የአክስቷ የልጅነት ውጤትም እስከ ዛሬ እንዳልተገኘ ንገራትና አረጋጋት። ትንሹን ጥርሱ ሲወልቅ ማንም እንዳይስቅበት አደራ። ከእማዬ አጠገብ ተቀምጠው ውለው የሚገቡትን ጎረቤታችንንም ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ያን ቀን እማዬ ያወራችላቸውን የምሥራች የሰጠኋት እኔ እንደሆንኩ ንገራቸውና እሷን እንዳይታዘቧት። ለአውቶቡስ ተራ ሰዎችም ለሁሉም፣ ጎማቸውን ራሳቸው ይፈትሹ በልልኝ። ለሐኪሙ አክብሮቴን አቅርብልኝ።

አባባን ግንባራቸውን ሳምልኝ። ሰላም በልልኝ አላልኩህም፤ ሰላምታ መልስ ይጠብቃል።

ታናሽ እህትህ

ከቢሮዬ፣ ከግድግዳው ፊት ለፊት
ኅዳር ፲፱ ቀን